የታጠበው ገንዳ

ወተት ተቀባዩን ሞቶ ያገኙት ጎህ ሲቀድ ወተታቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው የመጡ ሁለት ገበሬዎች ናቸው። የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያው በር ገርበብ ብሏል፤ መብራቱ በርቷል። ሰውየው ትልቁ የወተት ማቀዝቀዣ ገንዳ ሥር በጀርባው ተዘርሯል፤ የነጭ ጋዋኑ ኮሌታ ደም ጠጥቷል። ከግቢው ወጥቶ ወደ መንገዱ በሚወርደው ቦይ ወተት ይፈስሳል። የሰፈሩ ውሾች ግራና ቀኝ ሆነው ይልሱታል።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ በሩ ላይ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ሰዎች ቆመው ነበር። ወተታችንን ማን ይቀበለናል ብለው ለመጠየቅ አፍረዋል፤ ይዘው ለመመለስም እግራቸው እምቢ ብሏል።

“በርበሬ ነው” አለ አንዱ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

“ምኑ ነው በርበሬ?”

“ሰውዬው ነዋ። ቁጣው አፍንጫው ላይ ስለሆነ በርበሬ እንለዋለን። ትናንት እዚችው በር ላይ ሟቹ ‘ወተትህ ውሃ አለበት’ ብሎ መለሰበት። በርበሬ ጀሪካኑን መሬት ላይ ገልብጦ ‘አንተንም እንዲህ ነው የምደፋህ’ አለው። ያልሰማ የለም።”

ለዓመታት አብሯት የሠራው ሳጅን ሆዱን ዳበሰ። “እንግዲህ አለቃ፣ ቁርስ ሳንበላ ጨረስን ማለት ነው።”

ኢንስፔክተሯ ግራ እጇ ላይ የሚንሸራተተውን ትልቅ የወንድ ሰዓት ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

“ተገፍቶ ነው የወደቀው” አለች ከሬሳው አጠገብ የተንበረከከችው ሐኪም። “የጭንቅላቱ ኋላ ከገንዳው የብረት እግር ጋር ተጋጭቷል። ወዲያው አልሞተም። ሰው ቢጠራለት ይተርፍ ነበር ብዬ እገምታለሁ።”

ኢንስፔክተሯ የገንዳውን ክዳን አነሳች። ባዶ ነው። እጇን ከታች አስገብታ ዳበሰችው። ብረቱ ገና ለብ ያለ ነው፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ረጅሙ ማማሰያ ግድግዳው ላይ በምስማሩ ተሰቅሏል፤ ጫፉ ላይ ውሃ አቅርሯል።

“ሳጅን፣ ተናደህ ወተት ደፍተህ ታውቃለህ?”

“እኔ የምደፋው ሻይ ነው።”

“ከደፋህ በኋላ ብርጭቆውን ታጥባለህ?”

“ሚስቴ ቆማ ካላየችኝ አላጥብም።”

“ይሄን ገንዳ ግን አጥበውታል። በሙቅ ውሃ። ማማሰያውንም አጥበው ሰቅለውታል።”

ሳጅኑ አንገቱን አከከ። “ደሙን ሊያጠፉ ይሆናላ።”

“ደሙ ወለሉ ላይ ነው። ወለሉን አልነኩትም።”

ከመውጫው ቧንቧ ሥር ባለው ወንፊት ላይ ባቄላ ባቄላ የሚያካክሉ ነጭ ጓሎች ቀርተዋል። ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አሸተታቸው።

“የረጋ ወተት ነው። በርበሬ የተመለሰበትን ወተት አምጥቶ እልሁን ተወጥቶበታል።”

ኢንስፔክተሯ ጓሎቹን በላስቲክ ቋጥራ ኪሷ ከተተች። ከክፍሉ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች፤ እንደገና ወጣች። አንድ ነገር እንደ ጠጠር ከጫማዋ ገብቶ እንደሚቆረቁራት ሁሉ መቆም አልቻለችም።

*

ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ የመጣው በርበሬ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ይፈትላል። ዕድሜውን ሙሉ ላም ያለበ ሰው ጣት ነው፤ ወፍራም፣ ለስላሳ።

“ጠዋት የት ነበርክ?”

“ላሞቼ ሥር።”

“ማን አየህ?”

“ላሞቼ።”

“ምስክር ይሆናሉ?” አለ ሳጅኑ።

“ከሰው ይሻላሉ። ቢያንስ ውሃ ጨምረሃል አይሉኝም።”

“ጨምረህ ነበር?” አለች ኢንስፔክተሯ።

በርበሬ ፊቱ ቀላ። “ስሚኝማ። ጎረቤቶቼ ላማቸውን እየጎተቱ ለሥጋ ሸጡ። እኔ አልሸጥኩም። እየከሰርኩ የማልባት ለምን ይመስልሻል? ውሃ ልሸጥ?”

“ሟቹ ገና ሳይነጋ አጥርህ ላይ ቆሞ ሲጠራህ ጎረቤትህ ሰምታለች።”

የሚፈተሉት ጣቶች ቆሙ።

“አልሰማሁም” አለ በመጨረሻ። ድምፁ ወርዶ ነበር። ኢንስፔክተሯ እየዋሸ እንደሆነ አወቀች፤ ሳጅኑም አወቀ፤ በርበሬም ማወቃቸውን አወቀ።

ማምሻውን አለቃዋ ኮማንደሩ ስልክ ደወለላት። “ዛቻ አለ፣ ምስክር አለ፣ ውሸት አለ። ዓርብ ለዐቃቤ ሕግ አስረክቢው። በዚህ የወተት ነገር ሕዝቡ እንደሆነ እንደ ጥድ ሙጫ ሊቀጣጠል ነው፤ እኔም የበላዮቼ እየደወሉ መቀመጫ አሳጥተውኛል።”

በማግሥቱ የበርበሬ ሚስት ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀቻት። የቀሚሷ እጅጌ እስከ ክርኗ ተጠቅልሏል።

“እህቴ፣ ላሞቹ እኔን እምቢ አሉኝ። ከሱ ሌላ ሰው አልቧቸው አያውቅም። ጡታቸው አብጦ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ አደሩ። ወይ ባሌን ፍቱልኝ፣ ወይ ላሞቹንም ላምጣቸውና እሰሩልኝ።”

“ታገሺኝ።”

“እኔ እታገሣለሁ። ለነሱ ማን ይንገርልኝ?”

*

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሽማግሌ ነው። ወተት በአህያ ጭኖ ከቤት ቤት እየዞረ ማኅበሩን ያቋቋመ እሱ ስለሆነ ትልቁም ትንሹም ጋሼ ይለዋል። ቢሮው ከገንዳው ክፍል ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ወንበሩን ለኢንስፔክተሯ ለቆ እሱ ማንቆርቆሪያው ካለበት ጠረጴዛ ጠርዝ ተደገፈ።

“ልጄን ነው ያጣሁት” አለ። “እንደ ልጄ ነበር።”

“የገንዳው ክፍል ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?”

“እሱ ጋ፣ እኔ ጋ፣ ወተቱን ወደ ፋብሪካ የሚጭነው የቦቴው ሾፌር ጋ። ግን በሩን እሱ ከከፈተው በኋላ ማንም ይገባል።”

“ጠዋት የት ነበሩ?”

“ቤቴ። ዕድሜ ነው፤ ብቻዬን ነቅቼ ጣራ ሳይ ነበር።”

“ገበሬው እንዲህ የተቆጣው በአንድ ጀሪካን ነው?”

ሊቀመንበሩ በረጅሙ ተነፈሰ። “ቁጣው የቆየ ነው። የአገሮቹ የንግድ ኅብረት ሰፋ ሲባል እኮ ጨፍረናል። አዳዲስ አገሮች ገቡ፣ ወተታችሁ ድንበር ይሻገራል ተባልን። ድንበሩን የተሻገረው ግን የእነሱ የዱቄት ወተት ነው። ቀረጥ የለበት፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግ፣ አይበላሽ። ፋብሪካው እሱን በውሃ ይበጠብጥና እኛን ‘ዋጋ ቀንሱ’ ይለናል።”

“መንግሥትስ?”

“አዲስ ፖሊሲ አወጣ። ጠንካራው ይወዳደር፣ ደካማው ይውጣ ነው ነገሩ። ገንዳው በየቀኑ ቀዩ መስመር ድረስ ካልሞላ ጣቢያው ይዘጋል። የጎረቤቶቻችን ሁሉ ተዘጉ። ጣቢያ የሌለው ገበሬ ወተቱን ምን ያደርገዋል? ላሙን ይሸጣል።” ቀና አለ። “የእኛ ገንዳ ግን አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም።”

ይህን ሲል ፊቱ ላይ የነበረውን ኩራት ኢንስፔክተሯ ወደደችው። ወደ ደጅ ስትወጣም አብሯት ወጣ። በሩ ላይ ወተት ይዘው የቆሙትን ሰዎች አየች። ሰልፉ አጭር ነበር።

*

የቦቴው ሾፌር ያን ጠዋት አርፍዶ ነው የደረሰው። ጎማ ፈነዳብኝ ብሎ ነበር።

“ትርፍ ጎማህ ይሄ ነው?” አለ ሳጅኑ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ።

“አዎ ጌታዬ። እሱን ቀይሬ የፈነዳውን ጎሚስታ ጋ አስጠገንኩ። ከዚያ መልሼ ቀየርኩት።”

“ሸረሪቷንም መልሰህ አሰርካት? ቤቷ እንዳለ ነው።”

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ኢንስፔክተሯ የጋቢናውን ምንጣፍ ገልጣ ጣቷን አሳረፈች። ነጭ ብናኝ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

“የዱቄት ወተት ነው” አለ ሾፌሩ ሳትጠይቀው። “ወንጀል አይደለም! ከንግድ ኅብረቱ ወዲህ ድንበር ላይ እንደ ጨው ነው የሚሸጠው። ለዳቦ ቤት አደርሳለሁ።”

“ታዲያ ለምን ዋሸህ?”

“የገበሬ ወተት በምጭንበት መኪና የገበሬውን ጠላት እየጫንኩ ነው ልበላቸው? በድንጋይ ነው የሚወግሩኝ!”

ዳቦ ጋጋሪው አረጋገጠላቸው። ጎህ ሲቀድ ሾፌሩ ከረጢት እያወረደለት ነበር፤ አብረው ሻይ ጠጥተዋል፤ ሾፌሩ ሁለት ትኩስ ዳቦ ሳይከፍል በልቷል።

“እንግዲህ ተመለስን በርበሬ ጋ” አለ ሳጅኑ መኪና ውስጥ። “ነገ ደግሞ ዓርብ ነው።”

ኢንስፔክተሯ መስኮቱን ከፈተች፤ ዘጋች፤ ከፈተች።

“ይበቃል አለቃ፣ መስኮቱ ምን አደረገ?”

“ሟቹ ቤት ንዳ።”

*

ግቢው ውስጥ ለቀስተኞች ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝግ ባለ ድምፅ ያወራሉ። የሟቹ ባለቤት ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ቆማለች፤ ለምን እንደቆመች ግን አያስታውቅም። ምድጃው አልተለኮሰም፤ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ ተደርድሯል። የመስኮቱ ደፍ ላይ ብቻ አንድ ብርጭቆ ወተት አለ፤ አፉ በሲኒ ማስቀመጫ ተከድኗል።

ኢንስፔክተሯ እጇን ስትዘረጋ ሴትየዋ “አትንኪው” አለች። ጮክ አላለችም።

“ይቅርታ፣ እትዬ።”

“የሱ ነው።” ትንሽ ቆየችና ቀጠለች። “ቦቴው ሲጭን ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ይዞ ይመጣል። እዚች ያሳድረዋል። ጠዋት ስልባቦቱን አይቶ ይጠጣዋል። ‘የመሥሪያ ቤቱ መለኪያ የየሰዉን ጀሪካን ነው የሚለካው፤ ይሄ ግን ሁላችንንም አንድ ላይ ይለካናል’ ይላል።”

“ሰሞኑንስ?”

“ስልባቦቱ እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ሣሩ ነው አለ። ኋላ ገበሬው ውሃ እየጨመረ ነው ብሎ ጠረጠረ። ከሰው ተጣላ። እህል ዘጋው።”

“የመጨረሻው ዕለት ጠዋት?”

“አልጠጣውም። ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው፣ አሸተተው፣ በጣቱ ቀመሰው። እዚች አንቺ ያለሽበት ብዙ ቆመ። ‘ይሄን እንዳትደፊው’ አለኝና ሳይነጋ ወጣ።” የሲኒ ማስቀመጫውን አስተካከለች። “አልደፋሁትም።”

“ሌላ ያለዎት ነገር የለም?”

ሴትየዋ ወደ መጋረጃው ዞረች። “የለም።”

የቀረ ነገር እንዳለ ኢንስፔክተሯ አይታለች። አላስጨነቀቻትም። ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን ሳትነካ ተመለከተችው። ወተቱ ተበላሽቷል፤ ላዩ ላይ ግን የስልባቦት ዘር የለም። ከሥሩ ነጭ ጭቃ የመሰለ ነገር ዘቅጧል። ውሃ የገባበት ወተት ይቀጥናል እንጂ እንዲህ አይዘቅጥም።

“የወንድ ሰዓት ነው” አለች ሴትየዋ።

ኢንስፔክተሯ እጇን አየች። “አዎ።”

“ቆሟል።”

“አዎ።”

“አላሠራሽውም።”

“አላሠራሁትም።”

ደጅ አንድ ወንበር ሲጥ አለ። ሴትየዋ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

“ግማሹን ውሰጂ” አለች። “ብርጭቆውን ግን ተዪልኝ።”

*

ኢንስፔክተሯ የወተቱን ግማሽ የገለበጠችበትን ጠርሙስ በጉያዋ ይዛ ከመኪናው ሳትገባ ለሾፌሩ ደወለች።

“ከዳቦ ቤቱ የተረፈውን ከረጢት የት ነው የምታወርደው?”

“የተረፈ የለም።”

“ጋጋሪው አንተ የምትጭነውን ሁሉ ቢወስድ ኖሮ ከተማው በሙሉ ዳቦ ብቻ ነበር የሚበላው። በርበሬ ነገ ለዐቃቤ ሕግ ሊተላለፍ ነው፤ ልጆች አሉት። ለማን ነው የምታወርደው?”

ስልኩ ላይ የመኪና ጥሩምባ፣ ቀጥሎ የሰው ትንፋሽ ተሰማ።

“ለጋሼ” አለ ሾፌሩ። “ለጥጃ መመገቢያ ነው ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ለጥጃ ነው ያለኝ።”

*

ሊቀመንበሩ ቢሮው ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ሳጅኑ በሩ ላይ ቀረ።

“ሙቅ ውሃ ያገኛሉ?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“ሻይ ላፍላልሽ እንጂ ልጄ።”

“ውሃው ይበቃኛል።”

ማንቆርቆሪያው ፈላ። ሽማግሌው በብርጭቆ ቀድቶ አቀረበላት። ኢንስፔክተሯ ከኪሷ ላስቲኩን አውጥታ ከነጮቹ ጓሎች አንዱን ጣል አደረገችበት።

“ወንፊቱ ላይ ያገኘሁት ነው። እኛ የረጋ ወተት መስሎን ነበር። የረጋ ወተት ፈላ ያለ ውሃ ሲነካው ይብሱን ይጠጥራል።”

ሦስቱም ብርጭቆውን አዩ። ጓሉ ዳር ዳሩ ተሸረሸረ፤ ቀስ እያለ ተፈታ፤ ውሃው ነጣ። ሊቀመንበሩ ዓይኑን አልነቀለም።

“ከበሩ ላይ ሰልፉን አየሁት” አለች። “ከገበሬው አብዛኛው ላሙን ሸጧል። ገንዳዎ ግን አንድ ቀን አልጎደለም።”

“መጀመሪያ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነው” አለ ሽማግሌው። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። “ለመስመሩ ትንሽ ጎድሎ ነበር፤ አንድ ከረጢት በጥብጬ ሞላሁት። ከዚያ ሌላው መጣና ‘ላሜን ሸጥኩ ጋሼ’ አለኝ። ከዚያ ሌላው። አንድ ሰው በወጣ ቁጥር አንድ ከረጢት ጨመርኩ። ምን ላድርግ? ጣቢያው ከተዘጋ የቀሩትም ይወጣሉ።”

“ወተት ተቀባዩ ገበሬው ውሃ የጨመረ መስሎት ነበር።”

“መስሎታል።”

“ሲመስለው እርስዎ ዝም አሉ።”

“ዝም አልኩ።” ሽማግሌው ጉልበቱን ያዘ። “ያን ጠዋት ከነከረጢቱ ደረሰብኝ። አልጮኸም። ‘ጋሼ፣ የነሱን ዱቄት?’ ነው ያለኝ። የበርበሬ ዕዳ አለብኝ፣ ዛሬውኑ ለገበሬው ሁሉ እናገራለሁ አለ። ወደ በሩ ሲሄድ ያዝኩት፤ ዞረብኝ፤ ገፋሁት። መግደል አላሰብኩም።”

“ወዲያው አልሞተም ነበር።”

“ይተነፍስ ነበር።”

“ምን አደረጉ?”

ሽማግሌው እጆቹን ዘርግቶ አያቸው።

“ገንዳውን ከፍቼ ለቀቅኩት፤ ዱቄቱ እንዳይታይ። ከዚያ… አጠብኩት። ገንዳ ሲጎድል ይታጠባል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላጥብ ትቼ ሄጄ አላውቅም። እጄ ነው ያጠበው። ማማሰያውን ስሰቅል ትንፋሹ ቆሞ ነበር።”

ሳጅኑ በሩ ላይ ፊቱን አዞረ።

“እኔን ስትወስጂ ጣቢያውን ነው የምትዘጊው” አለ ሊቀመንበሩ ሲነሣ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንደሚያሳዝን ዜና ነው የነገራት። “የበርበሬን ላሞች ወተት ማን ይቀበላል? አስበሽበታል?”

“አስቤበታለሁ” አለች። እውነቷን ነበር። መንገዱን ሁሉ ከሱ ሌላ ያሰበችው ነገር አልነበረም። “ኮትዎን ይልበሱ፤ ደጁ ይበርዳል።”

*

የወተት ጣቢያው በሳምንቱ ታሸገ። የሚኒስቴሩ ሰዎች መጥተው በሩ ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ ገንዳውን ፈትተው ወሰዱት። ገበሬዎቹ ቆመው አዩ። ማንም አልተሳደበም። አንዱ ብቻ ገንዳው መኪና ላይ ሲወጣ “ቀስ በሉ፣ እንዳትጭሩት” አለ።

ኢንስፔክተሯ የሟቹን ልብስና ሰዓት በካኪ ከረጢት ይዛ ወደ ባለቤቱ ዘንድ ሄደች። ወንበሮቹ ተነሥተዋል። ሴትየዋ ከረጢቱን ተቀብላ ሳትከፍት አልጋው ላይ አኖረችው። ብርጭቆው የመስኮቱ ደፍ ላይ እንደነበረ ነው፤ ወተቱ ደርቆ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል።

በሩ ተንኳኳ። በርበሬ ነበር። ጀሪካን ይዟል፤ መግባት ፈርቷል።

“ላሞቹ እንዴት ሆኑ?” አለች ኢንስፔክተሯ።

“ተቀይመውኛል፤ ግን ሰጥተውኛል። ወተቱን የሚቀበለኝ ነው ያጣሁት።” ወደ ሴትየዋ ዞረ። “እትዬ፣ የመጣሁት… ያን ጠዋት አጥሬ ላይ ቆሞ ጠርቶኝ ነበር። ሰምቼዋለሁ። ገና ከአልጋዬ አልተነሣሁም ነበር። ይጥራ ብዬ ዝም አልኩት። ሦስቴ ጠራኝ፤ ዝም አልኩት። ብወጣ ኖሮ አብሬው እሄድ ነበር። አብሬው ብሄድ…” ጀሪካኑን መሬት ላይ አኖረው። “ምን ፈልጎኝ እንደነበር ሳላውቅ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።”

ሴትየዋ ኢንስፔክተሯን አየቻት፤ ከዚያ ወለሉን።

“ለሷ ያልነገርኳት ነገር አለ” አለች። “ስሙን የማጎድፍ መስሎኝ ነው። ሲወጣ ጫማውን እያሰረ ‘ሰው በድያለሁ፤ መጀመሪያ እሱ ጋ ደርሼ ነው የምሄደው’ ብሎኛል። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም ነበር።”

ቁጡው ሰው በሩ መቃን ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆመ። ኢንስፔክተሯ ወደ ውጭ ለመውጣት እግሯን አነሣች፤ ዳሩ ግን ቆማ ቀረች።

“ወተቴ ውሃ የለበትም” አለ በርበሬ፣ ለበሩ መቃን እንደሚናገር።

“እናየዋለና” አለች ሴትየዋ።

ወደ መስኮቱ ሄዳ ብርጭቆውን አነሣች። ለአፍታ በሁለት እጇ ያዘችው። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ፣ ደርቆ የተጣበቀውን በጣቷ እየፈቀፈቀች ሳትቸኩል አጠበችው። ጠረገችውና ለበርበሬ ዘረጋችለት።

እሱም ከጀሪካኑ ቀዳላት። ትንሽ ፈሰሰው። ሴትየዋ ብርጭቆውን የመስኮቱ ደፍ ላይ መልሳ አኖረችው፤ በሲኒ ማስቀመጫም ከደነችው።

“ነገ ጠዋት ና” አለችው።